«ሲ ድራይቭ እናሰፋለን» ለሚሏችሁ ብር አትክፈሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ላፕቶፕ የምትጠቀሙ፣ በተለይ እንደኔ ሒሳብ የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ አንብቡት።

መገናኛ ካሉት የሞባይልና የኮምፒውተር ሱቆች በአንዱ ነው። ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። የመስታወት ባንኮኒ፣ ከኋላው የተፈታታ ላፕቶፕ ክምር፣ «ፎርማት እናደርጋለን፣ ዊንዶውስ እንጭናለን» የሚል ወረቀት። ስልኩን እየነካካ ቀና ሳይል «ምን ሆኖ ነው?» የሚል ልጅ።

ላፕቶፔ አልተበላሸም ነበር። ዲስኩ 256 ጊጋ ነው። ሲ ድራይቭ፣ ማለትም ዊንዶውስ የተጫነበት የዲስኩ ክፍል፣ ሞልቶ ቀይ ሆነና የሒሳብ ፕሮግራሜን ፒችትሪን ስከፍት ይንቀራፈፍ ጀመር። ልጁ አየት አደረገና «ሲ ድራይቩን እናሰፋልሻለን፣ 1,500 ብር» አለኝ። አዲስ ዲስክ ይገባል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «አያስፈልግም፣ በሶፍትዌር ነው» አለ። ትንሽ ቀንስ ብለው አሻፈረኝ አለ። ከፈልኩ።

አሁን የሆነውን ስሙኝ። አጠገቡ ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ። ሲስተም ፕሮቴክሽን የሚል መስኮት ከፈተ። ኮንፊገር የሚለውን ነካ። ከረንት ዩሴጅ ከሚለው ጎን 34 ጊጋ ይላል። ዲሊት ሲጫን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ብቅ አለ። ማንበብ ጀመርኩ። በዚህ ዲስክ ላይ ያሉት ሪስቶር ፖይንቶች በሙሉ ይጠፋሉ፣ ከዚህ በኋላ ያልተፈለገ ለውጥ ሲስተሙ ላይ ቢመጣ መመለስ አይቻልም፣ ነው የሚለው። «ቆይ ቆይ፣ ምንድን ነው የሚጠፋው?» አልኩት። «ቴምፖራሪ ፋይል ነው ሲስተር፣ ቆሻሻ ነው» አለና ኮንቲኒው የሚለውን ተጫነ። ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም። ቀጥሎ ዲስኤብል የሚለውን መርጦ ኦኬ አለ። ማይ ኮምፒውተርን ከፈተና ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። ቀዩ መስመር ሰማያዊ ሆኗል። «ይኸው፣ ሰፋልሽ!» ደረሰኝ ስለው ከደብተር ወረቀት ቀዶ «ሲ ማስፋት፣ 1,500» ብሎ ጻፈልኝ።

ቆሻሻ ያለው ነገር ምን መሰላችሁ? ዊንዶውስ አፕዴት ወይም አዲስ ፕሮግራም ከመግባቱ በፊት ብዙ ጊዜ የሲስተሙን ፋይሎችና ሴቲንጎች ቅጂ ያስቀምጣል። ሪስቶር ፖይንት የሚባለው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን አልነሳም ሲል፣ ዶክመንታችሁን ሳይነካ፣ ሲስተሙን ደህና ወደነበረበት ቀን ይመልሰዋል። ቦታ ይይዛል፣ እውነት ነው። የኔም ብዙ የያዘው ወንድሜ ላፕቶፑን ሲያዘጋጅልኝ ሪስቶር ፖይንቶቹ የሚይዙትን ቦታ ጣሪያ ከፍ ስላደረገው ነው። ግን ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ማክስ ዩሴጅ የሚል ማንሸራተቻ አለ፣ ልጁ ከተጫነው ዲሊት ትንሽ ከፍ ብሎ። እሱን ወደ 10 ጊጋ ቢያወርደው አሮጌዎቹ ራሳቸው ይጠፉ ነበር፣ የቅርቦቹ ይቀሩ ነበር፣ 24 ጊጋ ያህል ቦታም ይለቀቅልኝ ነበር። ሙያውን ይሽጥ፣ ቅር አይለኝም። ይሄ ግን የቤቴን በር ነቅሎ «ቤትሽ ሰፋ» እንደማለት ነው። ደግሞ ማጥፋቱ ሳያንስ ጭራሽ ዘጋው፤ ከዚያ በኋላ አንድም አዲስ ሪስቶር ፖይንት አልተቀመጠም።

ወር መጨረሻ ላይ አዲስ ፕሪንተር ገዝቼ ድራይቨሩን፣ ፕሪንተሩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ጫንኩ። ሪስታርት ሳደርገው አልነሳም። ሰማያዊ ስክሪን፣ እንደገና ሰማያዊ ስክሪን። የደንበኞቼ የቫት ሒሳብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሱቁ ጋ ሮጥኩ።

ያው ልጅ ነው። ሲስተም ሪስቶር ውስጥ ገባ፤ ምንም ሪስቶር ፖይንት የለም የሚል መጣ። አልደነቀውም። «ፎርማት ነው» አለ። «ያኔ ያጠፋኸው ምን ነበር?» አልኩት። ይሄኔ ከት ብሎ ሳቀ። «ቦታ አስፉልኝ ብለሽ አይደል የመጣሽው? የሰፋው ከየት መሰለሽ?» ጓደኛውም ከኋላ አብሮት ይስቃል። ቆሻሻ ነው ያለኝ ያው አፍ ነው ይህን የሚናገረው። ለፎርማት 800፣ ዳታ ለማውጣት 3,000 ብር ጠየቁኝ። ራሳቸው ላመጡብኝ ጣጣ!

ላፕቶፔን አንስቼ ወጣሁ። ሌላ ቦታ ዲስኩን ፈትተው ዳታዬን ገለበጡልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሲስተሙ ግን ከዜሮ ተጫነ። ፒችትሪው፣ አማርኛ የምጽፍበት ፓወር ግዕዙ፣ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአንድ ደንበኛዬ ማሳወቂያ ቀኑ አለፈ። ቅጣቱን ከኪሴ ከፈልኩ። ሰውየው አምኖኝ ነው መዝገቡን የሰጠኝ፣ ምን ብዬ እሱን ላስከፍለው? አሁንም ስልኩ ሲመጣ እሳቀቃለሁ።

ቦታ ካነሳችሁ ራሳችሁ ሥሩት፣ ብር አያስወጣም። ስታርት ላይ ሪስቶር ፖይንት ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ፣ ሲን ምረጡ፣ ኮንፊገር ግቡ፣ ማክስ ዩሴጁን ቀንሱ። ዲሊትን አትንኩ። «ሲ» አስፍተንልሻል፣ አስፍተንልሃል የተባላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ይህንኑ መስኮት ክፈቱ። ከሲ ጎን ኦፍ የሚል ካያችሁ አብሩትና ክሪኤት የሚለውን ተጭናችሁ አንድ ሪስቶር ፖይንት አስቀምጡ።