5 ግራም ጨው ለአንድ ካርቦን፦ ሜቶክሲሜቲል ትራይፌኒልፎስፎኒየም ክሎራይድ ሲገመገም

አልዲሃይድን (ጫፉ ላይ CHO ያለውን ሞለኪውል) በአንድ ካርቦን ለማርዘም ይህ ነጭ ጨው የሚያስተማምን ነው፤ ቆጣቢ ግን አይደለም። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 342.8 ስለሆነ ለ10 ሚሊሞል አልዲሃይድ 15 ሚሊሞል ሲመዘን 5.14 ግራም ይሄዳል። ምርቱ ላይ የሚጨመረው አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን 0.14 ግራም ብቻ ነው። ቢሆንም ተዘጋጅቶ መሸጡ ትልቅ ነገር ነው፤ ጨውን ራስ ለመሥራት የሚያስፈልገው ክሎሮሜቲል ሜቲል ኢተር ካንሰር አምጪ ነውና።

ዋናው ጉድለቱ እርጥበት መሳቡ ነው። ጠርሙሱ ደጋግሞ ከተከፈተ ጨው በቫኪዩም 50 ዲግሪ ላይ ይደር።

ለ1.34 ግራም (10 ሚሊሞል) 3-ፌኒልፕሮፓናል፣ ጨውን በአርጎን ሥር 40 ሚሊ ሊትር ደረቅ ቲኤችኤፍ (ቴትራሃይድሮፉራን የሚባለው ማሟሟያ) ውስጥ በትናችሁ በበረዶ አቀዝቅዙት። 1.57 ግራም (14 ሚሊሞል) ፖታሲየም ተርት-ቡቶክሳይድ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩና 30 ደቂቃ አማስሉ፤ ይህ ቤዝ ከጨው ሃይድሮጅን ነጥቆ ኢላይድ ወደሚባለው፣ ከአልዲሃይዱ ጋር ወደሚዋሃደው ቅርጽ ይለውጠዋል። ቀለሙ ብርቱካናማ ቀይ ካልሆነ አልዲሃይዱን አታባክኑ፤ ውሃ ቤዙን በልቶታል። ቤዙ ከጨው ያነሰው ሆን ተብሎ ነው፦ የተረፈ ቡቶክሳይድ አልዲሃይዱን አልዶል በሚባለው ምላሽ እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ከዚያ አልዲሃይዱን በ10 ሚሊ ሊትር ቲኤችኤፍ አሟሙታችሁ ጠብ ጠብ አድርጉ። ከበረዶው አታውጡት፤ ኢላይዱ ሙቀት አይችልም። ሲያልቅ አሞኒየም ክሎራይድ እስኪጠግብ የሟሟበት ውሃ ይግባበት።

በኢተር ተጨምቆ ሲተን የሚቀረውን በሄክሳን ማሸትና ማጥለል ይሻላል፤ 2.78 ግራም ያህል የሚደርሰው ትራይፌኒልፎስፊን ኦክሳይድ በአብዛኛው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ቲኤልሲ (ስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ) ላይ ሁለት ነጥብ ብታዩ አትደንግጡ፤ እስካሁን የተገኘው መካከለኛ ምርት፣ የኢኖል ኢተሩ፣ ኢ እና ዜድ የሚባሉ በድርብ ትስስሩ ዙሪያ የሚለያዩ ሁለት ቅርጾች ናቸው፤ ሁለቱም የሚሰጡት ያንኑ አልዲሃይድ ነው። ሲሊካ ውስጥ ማሳለፍ ግድ ከሆነ 1 በመቶ ትራይኤቲልአሚን ይጨመር፤ አለበለዚያ የሲሊካው አሲድ ይሰብረዋል።

ብዙ ምርት የሚጠፋው መጨረሻው ላይ፣ ኢኖል ኢተሩ በአሲድ ወደ አዲሱ አልዲሃይድ ሲለወጥ ነው። 20 ሚሊ ሊትር ቲኤችኤፍ ከ10 ሚሊ ሊትር 2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ይበቃል፤ ነገር ግን በቲኤልሲ እየተከታተላችሁ እንጂ አሳድራችሁ አይደለም። አዲሱ 4-ፌኒልቡታናል አሲድ ውስጥ ሲቆይ በአልዶል ተጣብቆ ውሃ ያጣል። ቲኤችኤፉን በሜታኖል ከተካችሁ ደግሞ የምታገኙት አልዲሃይዱን ሳይሆን ከሜታኖል ጋር የተዋሃደ ቅርጹን፣ አሴታልን ነው። ሞለኪውሉ ላይ አሲድ የማይችል መከላከያ ቡድን ካለ ሜርኩሪ አሴቴት፣ ቀጥሎም ፖታሲየም አዮዳይድ ይሠራል፤ የሜርኩሪው ቆሻሻ ግን ለብቻው ዕቃ ይፈልጋል።

ሁለት ካርቦን ከፈለጋችሁ ይህን ጨው ሁለት ጊዜ አታዙሩ። ፎርሚልሜቲሊን ትራይፌኒልፎስፎራን ያለ ቤዝ ይሠራል፤ የሚሰጠው ግን ድርብ ትስስር ያለው አልዲሃይድ ነው፤ ሲበዛበት ደግሞ ያንኑ ምርት መልሶ ይይዝና ዳይኢናል (ሁለት ድርብ ትስስር ያለው አልዲሃይድ) ያደርገዋል።