ወፍ አለ

ሹፌሩ መኪናውን አቆመ፣ ወረደ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ቢሾፍቱ ያለውን የጨለለቃ ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር ቃኘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ወፍ የለም» አለኝ። እሱም እኔም ፈነዳን። ነዳጅ አለ? ወፍ የለም። ኔትወርክ አለ? ወፍ የለም። እንዲህ ስንል ኖረን፣ ለአንድ ቀን ቃሉ የራሱ ቦታ ላይ ዋለ።

ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ለማየት የመጣሁት ክሬን የሚባለውን ባለ ረጅም እግርና አንገት ስደተኛ ወፍ ነው፤ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ሲነጋ ተነሥቶ ወደ ማሳ ይሄዳል፤ የታጨደ ጤፍና ሽምብራ ውስጥ ሲለቅም ይውላል። ስለዚህ ወይ ጎህ ሲቀድ፣ ወይ ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሚታየው። ይህን እያወቅሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ቢሾፍቱ ያለችው አክስቴ በረካውን ሳትጠጣ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም ብላ ነው። «ወፍ ለማየት ነው ከዚያ ሁሉ አገር የመጣኸው? እዚህ ጣሪያው ላይ ሞልቶልህ የለ?» አለች። ለዚህ መልስ የለኝም።

ሄልሲንኪ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። ከጠዋት ፈረቃ ስወጣ ቪኪ የሚባል ረግረግ አለ፤ ከተማው ውስጥ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ሸምበቆው መሀል የእንጨት መንገድና ማማ ተሠርቶለታል። ወፍ ማየት የጀመርኩት እዚያ ነው፤ መጀመሪያ ለመተንፈስ፣ ኋላ ለይቶልኝ። በመስከረም መጨረሻ ክሬኖቹ እየጮኹ በላያችን ወደ ደቡብ ያልፋሉ። የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው የፊንላንድና የኢስቶኒያ ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው የአውሮፓን ክረምት ሲያሳልፉ ታይተዋል። ይህን ሳነብ ቀናሁ። እኔ ለአውሮፕላን ትኬት ስንት ወር ተቆጥቤ፣ እነሱ በየዓመቱ ደርሰው ይመለሳሉ። እኔም ዘንድሮ ለጥምቀት መጣሁና አሥር ቀኑን ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሰጠሁት።

ዋጋ አልጠቅስም። እኔ የከፈልኩት እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል። ስለ ሥራው ግን እናገራለሁ።

ከመኪናው ልጀምር። ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ተከራየሁ። ሹፌሩ ስለ ወፍ ምንም አያውቅም ነበር፤ ግን ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያውቃል። በየማለዳው ወደፊት ላሉ ሹፌሮች እየደወለ የመንገዱን ሁኔታ ያጣራል፤ ይህን የማያደርግ ሹፌር ዛሬ ዛሬ አልመክርም። ቁም ስለው ይቆማል፣ ሞተር ያጠፋል፣ በር ቀስ ብሎ ይዘጋል። የመጨረሻውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው ቀን በሩን ሲያላትመው አንድ የሳቢሳ መንጋ በሙሉ ተነሥቶ ሄዷል። በሦስተኛው ቀን ግን እሱ ራሱ ሌላውን ሰው «እሽሽ» ማለት ጀመረ።

አቅርቦ ማያ መነጽር ለምታመጡ አንድ ነገር። አየር ማረፊያ ላይ ይጠየቃል፤ ለምን እንደመጣ አስረዱ፣ ከመነሣታችሁ በፊትም ደንቡን አጣሩ። እኔን የረዳኝ ስልኬ ውስጥ ያለው የወፍ ፎቶ ብዛት ነው። ፈታሿ ሦስተኛው ዳክዬ ላይ ስትደርስ ሰለቻትና «ይበቃል፣ ሂድ» አለችኝ።

ባቱ የደረስነው በማግስቱ ነው። ብዙዎቻችን ዝዋይ ስንል ነው ያደግነው፣ ሐይቁንም ዛሬም እንደዚያው የሚጠሩት ብዙ ናቸው። ወደቡ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ አባ ኮዳ ከኋላቸው ይሰለፋል። ሰልፍ ነው የምላችሁ፤ ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር የሚደርስ መላጣ ወፍ፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ሽማግሌ መስሎ፣ ተራውን ይጠብቃል። አንጀት ሲወረወር ግን ሽማግሌነቱ ያበቃል። ፔሊካኖቹ ከጎን ገብተው ይነጥቃሉ። ሃመርኮፕ የሚባለው ቡናማ ወፍ በሁለቱ እግር መሀል ሾልኮ የተረፈችውን ያነሣል። ይህን ሁሉ በሦስት ሜትር ርቀት፣ ያለ መነጽር፣ ያለ ማማ አየሁ። ፊንላንድ ውስጥ አንድ ወፍ ሦስት ሜትር ከቀረበኝ ለሳምንት አወራዋለሁ።

ከወደቡ አጠገብ ውሃው ላይ በተንሳፈፈው ቅጠል ጃካና ይራመዳል። ጣቶቹ እንደ ሸረሪት ረጃጅም ናቸው፣ ክብደቱን በትነውለት ቅጠሉ አይሰምጥም። በጃካና ቤት እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው። ይህን ለሹፌሩ ስነግረው «ይህማ አውሮፓ የኖረ ወፍ ነው» አለኝ።

ከዚያ ጀልባ ተከራየሁ። ስህተቱ እዚህ ነው። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከነሱ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ የጽዮን ማርያም ገዳም አለ፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም መጥታ እዚያ ተሸሽጋለች የሚል ትውፊት አለው። ታሪክ ለሚፈልግ ሙሉ ቀን ይገባዋል። እኔ ግን ለጀልባ ነጂው ደጋግሜ የነገርኩት ወፍ ነው። እሱ ወፍ ማሳየት ማለት ወፉ ላይ መንዳት መስሎታል። ፔሊካኖች ተሰልፈው፣ ጎን ለጎን እየቀዘፉ፣ ዓሣውን ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ እየነዱ ነበር። ተባብረው ሲያድኑ ማየት የምመኘው ነገር ነበር። ሰውዬው በሙሉ ጉልበት ሞተሩን አስነሥቶ መሀላቸው ገባ። ሁሉም ብድግ አሉ። «አየህ ሲበሩ! ፎቶ! ፎቶ!» አለኝ። ፎቶው ጥሩ ነው፤ እናቴ ወዳዋለች። እኔ ግን ያጣሁትን አውቃለሁ። ደግሜ ቀስ በል አልኩት። ቀስ ማለት ነዳጅ ይፈጃል አለኝ። በምን ሒሳብ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። በዚያ ላይ ስንመለስ ከተስማማንበት በላይ ጠየቀ፤ ምክንያቱ ዲያስፖራ መሆኔ ነው፣ አልደበቀውም። ተከራክሬ በስምምነታችን ከፈልኩ።

ቀጥሎ አብያታ ሻላ። ብሔራዊ ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከግማሹ በላይ ውሃ። በር ላይ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ ተመደበልን፤ ጠመንጃውን በጉልበቱ መሀል አቁሞ ከፊት ተቀመጠ። በዚህ ጉዞ ውስጥ ካገኘኋቸው ሁለት ምርጥ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ገና ከመግባታችን ሹፌሩን «ደረቅ መስሎህ ወደ ዳር እንዳትጠጋ» አለው። የአብያታ ዳር ላዩ ነጭ ቅርፊት፣ ውስጡ ጭቃ ነው፤ መኪና ይውጣል። መኪናውን አቁመን በእግር ሄድን። ሄድን፣ ሄድን። ስካውቱ መሀል ላይ ቆመና «ድሮ ውሃው እዚህ ነበር» አለ። ውሃው ገና ከፊታችን ሩቅ የብር መስመር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብያታ ውሃ የሚያገኘው በአብዛኛው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ነው። ላይኛው ሐይቅና ወንዙ ለመስኖ ሲጠለፉ ታችኛው ይጠማል። በዚያ ላይ የሐይቁ ውሃ ሶዳ አሽ ለሚባል ኬሚካል ማምረቻ ሲሳብ ኖሯል። ውሃው ሲቀንስ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ ደግሞ እንቁላል ጥለው የሚፈለፍሉት አጠገቡ ባለው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነበር። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ግን ለፔሊካን የሚሆን ዓሣ የለውም። ልጆቻቸውን ሻላ ላይ አስቀምጠው አብያታ ሄደው ይመግቡ ነበር። ጓዳው ሲዘጋ ቁጥራቸው ወደቀ፤ ዓሣ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነ። የትናንቱን ጀልባ ነጂ አስታወስኩ። ያባረራቸው ወፎች ምሳ ፍለጋ ስንት ኪሎ ሜትር የመጡ ይሆኑ ይሆናል።

የቀሩት ፍላሚንጎዎች ናቸው። እነሱ ዓሣ አይፈልጉም፤ ትንሹ ፍላሚንጎ ምንቃሩን ገልብጦ ውሃውን እያጣራ ጨዋማ ውሃ የሚወደውን ጥቃቅን አልጌ ይበላል፣ ሮዝ ቀለሙንም የሚያገኘው ከዚያ ነው። ስካውቱ በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስቀመጠን። ራሱም ቁጢጥ አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል አንድ ቃል አልተናገረም። መንጋው እያጉረመረመ፣ እግር እያፈራረቀ፣ ወደ እኛ እየተሳበ መጣ። በሕይወቴ የከፈልኩበት ምርጥ ሃያ ደቂቃ ዝምታ ነው። ጉርሻ ስሰጠው መጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር፣ «ለልጆች ደብተር» ስለው ተቀበለ።

ሐዋሳ ላይ ሆቴል የያዝኩት ሐይቁ ዳር ነው። ክፍሉ ንጹሕ፣ ሙቅ ውሃ አለ፣ መስኮቱ ሐይቁን ያያል። ወፎቹን ግን ሆቴሉ አላያቸውም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ስፒከሩ ወደ ሐይቁ ዞሮ ይጮኻል። ቁርስ የሚጀምረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ወፍ ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ሥራ ጀምሮ 3 ሰዓት ላይ ጥላ ይፈልጋል። እንግዳ መቀበያ ላይ ብጠይቅ «አይቻልም» ብቻ። ያዳነኝ የሌሊት ጥበቃው ነው። ሳልጠይቀው ከራሱ ፔርሙስ ሻይ ቀዳልኝ፣ በሩን ከፈተ፣ «አጥሩን ይዘህ ሂድ፣ ከጫፉ ዛፍ ላይ ንስሩ አለ» አለኝ። እውነትም ነበር። ዓሣ በል ንስር፣ ነጭ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ የሐዋሳ ጠዋት ማለት እሱ ነው። ጥበቃው ስንት ሌሊት ሲያየው እንደኖረ አስቡት፤ ሆቴሉ ግን የሚያስጎበኝ የለንም አለኝ።

አሞራ ገደልን ሁሉም ያውቀዋል፣ አልረዝምበትም። አባ ኮዳው፣ ጉሬዛው፣ ጦጣው አለ። ጦጣዋ ዳቦዬን ወስዳለች።

የሐዋሳ ትርፍ ጥቁር ውሃ ነው፤ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ረግረግ። ሁለተኛው ምርጥ ሰው የተገኘው እዚያ ነው። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ሞተር የሌላት ትንሽ የእንጨት ጀልባ። ከባቱ ስለተማርኩ መጀመሪያ የጠየቅሁት ዋጋ ሳይሆን ሞተር አለህ ወይ ነው። «የለኝም ጋሼ፣ ግን ቶሎ አደርስዎታለሁ» አለ አፍሮ። ቶሎ አታድርሰኝ አልኩት።

ሁለት ሰዓት ሸምበቆ ለሸምበቆ ቀዘፈ። ማላካይት ኪንግፊሸር አየን፤ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ሸምበቆውን እንኳ የማያጎብጥ። ጥቁርና ነጩ ኪንግፊሸር በአየር ላይ አንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ቆሞ እንደ ድንጋይ ወደ ውሃ ይወድቃል። ልጁ ጉማሬ ያለበትን ከሩቅ አውቆ ዞረ። የሚገርመው የወፎቹን ስም በእንግሊዝኛ ያውቃል፣ ፈረንጆች አስተምረውታል፤ በአማርኛ ስለው ይስቃል። እኔስ? ክሬንን በፊንላንድኛ ኩርኪ እላለሁ፣ በአማርኛ አክስቴን ስጠይቃት ሽመላ አለች፣ ሹፌሩ ትልቁ ዳክዬ አለ። ሁለቱም አይደለም።

በመመለሻችን ቀን ሹፌሩ ሳልነግረው ቢሾፍቱ ላይ ወደ ጨለለቃ ታጠፈ። ሰዓቱ 12 ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ሞተሩን ከሩቅ አጠፋው። አክስቴን አሳፍረናታል፤ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ከማሳው በኩል፣ እንደ ጥሩንባ። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባላል፤ ይህ ግን ቪኪ ላይ የምሰማው ድምፅ ነው፣ ምንም ሳይቀየር። ቀጥሎ መስመራቸው ታየ፤ አንገት ተዘርግቶ፣ እግር ተዘርግቶ፣ እየዞሩ ወደ ውሃው ወረዱ። ቆጠርኩ፣ ከመቶ በላይ ስደርስ ተሳሳትኩና ተውኩት።

አክስቴ መነጽሩን ተቀብላኝ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እነዚህ ናቸው እንግዲህ ካንተ አገር የመጡት?» አለችኝ። የኔ አገርማ ይሄ ነው ልላት ስል ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«እሽሽ! እትዬ፣ ይነሣሉ።»