ብርሃንን የሚያዘገየው ጌም፦ ለፊዚክስ ጀማሪ ይሆናል ወይ?

ትምህርት ከጨረስኩ በኋላ ፊዚክስን ዞር ብዬም አይቼው አላውቅም ነበር፣ ሰሞኑን ግን ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግቶ ስለመጓዝ የሚያወሩ ቪዲዮዎች ሳይ ሳይ በቃ ያዘኝ፣ እንቅልፍ ሁሉ ነሳኝ። ችግሩ ቁጥሩን ትሸመድዱታላችሁ እንጂ ውስጣችሁ አይገባም። ብርሃን በሰከንድ 299,792 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ እሺ፣ እዛ ፍጥነት ላይ ያለ ሰው ታዲያ ምን ይታየዋል? ይሄን ስፈልግ ነው ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጌም ላብ በ2012 ያወጣውን «ኤ ስሎወር ስፒድ ኦፍ ላይት» የተባለ ጌም ያገኘሁት። ነጻ ነው፣ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው።

ሐሳቡን በጣም ወደድኩት፣ እናንተን ከማፍጠን ይልቅ ብርሃኑን ያዘገዩላችኋል። እየዞራችሁ 100 የሚያበሩ ኳሶች ትለቅማላችሁ፣ አንዱን ባነሳችሁ ቁጥር የብርሃን ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፣ ወደ መጨረሻው ላይ ተራ እርምጃችሁ ራሱ የብርሃንን ፍጥነት ሊደርስበት ምንም አይቀረው። መጀመሪያ ምንም ለውጥ የለም፣ ከዛ ቀስ በቀስ ነገሩ ይቀየራል።

እኔን ያስደነገጠኝ ምን መሰላችሁ፣ አንዷን ኳስ ላነሳ ወደፊት ስራመድ መቅረብ ሲገባት ጭራሽ ራቀችብኝ፣ አነሰች። የተበላሸ መስሎኝ ቆምኩ፣ ስቆም ተመለሰች። ሦስት አራት ጊዜ ደጋገምኩት። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፣ ዝናብ ቀጥ ብሎ እየወረደ ስትሮጡ ፊታችሁን እንደሚመታው ማለት ነው፣ ብርሃንም እንደዛ ነው፣ ከጎን የሚመጣው ሁሉ ከፊት የሚመጣ ይመስላል፣ ስለዚህ ዓለሙ በሙሉ ወደፊት ይሰበሰብና ያለው ነገር አንሶና ርቆ ይታያል። ከዛ በፊት ዕድሜ ልኬን ሲፈጥን ነገሮች ወደ ኋላ ይወነጨፋሉ ብዬ ነበር የማስበው!

ቀለሙም እንደዛው፣ የምትሄዱበት በኩል ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ብሩህ ይሆናል፣ ትታችሁት የምትሄዱት ይቀላና ይደበዝዛል፣ ዶፕለር ኢፌክት የሚሉት ነው። ዓይናችን የማያያቸውን የብርሃን ዓይነቶች፣ ኢንፍራሬድና አልትራቫዮሌቱን እንኳን ዓይን ወደሚያየው ቀለም ሲመጡ ያሳያሉ፣ እዚህ ጋር በጣም ደክመውበታል።

የጊዜ መለጠጡም፣ ማለትም በጣም ለሚፈጥን ሰው ጊዜ ቀስ ብሎ መሄዱ፣ ተሠርቷል፣ ግን እሱ በዓይን ብዙም የሚያዝ ነገር አይደለም፣ ወረቀትና ካልኩሌተር ይፈልጋል። እኔም ጌሙን ዘግቼ ወደ ሒሳቡ ገባሁ። ከፀሐይ ቀጥሎ የምትቀርበን ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በዓመት የሚሄደው ርቀት ነው) ትርቃለች። ማፍጠኛና ማቆሚያውን ትተን በብርሃን ፍጥነት 90 በመቶ ብንሄድ መርከቧ ውስጥ ላለው ሰው 2 ዓመት ገደማ ነው፣ 99 በመቶ ሲሆን ግን ወደ 7 ወር ይወርዳል፣ ምድር ላይ ለቀረው ደግሞ ከ4 ዓመት ከ3 ወር በላይ ያልፋል። በሰከንድ 17 ኪሎሜትር ገደማ የምትጓዘው የጠፈር መንኮራኩር ቮዬጀር 1 ያንን ርቀት ለመሄድ 75 ሺህ ዓመት ገደማ ነው የሚፈጅባት፣ አስቡት።

ጌሙ ውስጥ የማታገኙት ጉልበቱን ነው፣ እዛ መሮጥ ነጻ ነው። እውነተኛው ዓለም ላይ ግን አንድ ኪሎ ዕቃ ብቻ 99 በመቶ ላይ ለማድረስ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 130 ሜጋቶን ይመጣል (አንድ ሜጋቶን ማለት የአንድ ሚሊዮን ቶን ቲኤንቲ ፈንጂ ጉልበት ነው)፣ ሶቪየቶች በ1961 ያፈነዱት ትልቁ ቦምብ እኮ 50 ገደማ ነበር። ይሄን ቁጥር ሳወጣ ተሳስቻለሁ ብዬ ሁለቴ ሠራሁት።

እና ይሆናል ወይ? እንደኔ ቀመር የሚያስፈራው ግን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይሞክረው፣ አጭር ነው፣ አንድ ቁጭታ ላይ ያልቃል። ቶሎ ለመጨረስ ግን አትሩጡ፣ መሀል ላይ ቁሙና አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ ጎን እየሄዳችሁ ግድግዳው እንዴት እንደሚጎብጥ እዩ። ፕሮግራም የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ ኦፕን ሪላቲቪቲ የሚባለውን መሥሪያውን ለማንም ክፍት አድርገውታል፣ ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ ነው የሚሠራው፣ የራሳችሁን ዓለም ማዘግየት ትችላላችሁ።