በፖርቶ የስድስቱ ድልድዮች የጀልባ ጉዞ፦ ለኪነ ሕንፃ ወዳጅ ምን ያህል ይበቃል?

ፖርቱጋላዊቷን ፖርቶን ለአጭር ጊዜ የሚጎበኝ እንግዳ በቅድሚያ የሚቀርብለት ግብዣ በዶውሮ ወንዝ ላይ የሚደረገው የስድስቱ ድልድዮች የጀልባ ጉዞ ነው። ከጥንታዊው የሪቤይራ ሰፈር ዳርቻ የሚነሡት ጀልባዎች ቀድሞ የወይን በርሜል ያመላልሱ የነበሩትን ራቤሉዎች ቅርጽ ይዘው የተሠሩ ሲሆን፣ ጉዞው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ድልድዮቹን ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ የከተማዋን ኪነ ሕንፃ ለመረዳት ግን ጉዞው ብቻውን አይበቃም።

የጉዞው ትልቁ ሀብት ሁለቱን የብረት ቅስቶች ከሥር ሆኖ ቀና ብሎ ማየትና ማነጻጸር ነው። የጉስታቭ ኤፌል ድርጅት ለባቡር የሠራው የማሪያ ፒያ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1877 ሲመረቅ በ160 ሜትር ቅስት ወንዙን ያለ አንዳች መካከለኛ ምሰሶ ተሻገረ። የኤፌል ሸሪክ የነበረው መሐንዲስ ቴዎፊል ሴይሪግ ከእርሱ ከተለየ በኋላ ለሌላ ኩባንያ የነደፈውና በ1886 የተከፈተው የዶም ሉዊስ ቀዳማዊ ድልድይ ደግሞ ቅስቱን ወደ 172 ሜትር አሰፋው፤ በዚያም ላይ ሁለት መንገድ አሸከመው። ከተማዋ በገደል ላይ የተሠራች በመሆኗ የላይኛው መንገድ የገደሉን አናት በማዶ ካለችው የጋያ ከፍታ ጋር ሲያገናኝ፣ የታችኛው የወንዙን ሁለት ዳርቻዎች ያያይዛል። ዛሬ በላይኛው መንገድ የሚያልፉት ቀላል ባቡርና እግረኞች ብቻ ናቸው። ይህን ድልድይ የኤፌል ሥራ ነው ብሎ የሚያስረዳ አስጎብኚ ብዙ ስለሆነ ጎብኚው ከወዲሁ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ወደ ውቅያኖሱ አቅጣጫ የሚገኘው መሐንዲሱ ኤድጋር ካርዶዞ የነደፈው የአራቢዳ ድልድይም በ1963 ሲጠናቀቅ 270 ሜትር የሚሆነው የኮንክሪት ቅስቱ በዓይነቱ ከዓለም ረጅሙ ነበር። የቀሩት ሦስቱ አዳዲስ ናቸው፤ ዓይንን ብዙ አያቆዩም።

ድክመቱ የሚጀምረው ከማብራሪያው ነው። በተሳፈርኩበት ጀልባ የተቀዳው ገለጻ በሞተሩ ድምፅ ይዋጥ ነበር፤ የሚሰማውም ክፍል ዓመተ ምሕረትና ርዝመት ከመቁጠር በቀር ድልድዮቹ ለምን እንደዚያ እንደተሠሩ አይናገርም። ከዶም ሉዊስ ድልድይ አጠገብ በ1843 የተከፈተው ተንጠልጣይ ድልድይ ምሰሶዎች አሁንም ቆመው ሳሉ አንድም ቃል አልተነገረላቸውም። በ1809 ሕዝቡ ከፈረንሳይ ጦር ሲሸሽ በጀልባዎች ላይ የተዘረጋው ድልድይ ተሰብሮ ብዙዎች ያለቁበትን አደጋ የሚያስታውሰው የነሐስ ቅርጽም በሪቤይራ ግድግዳ ላይ የሚታየው በእግሩ ለሚያልፍ ሰው ነው።

በወንዙ ዳርቻ የተደረደሩት ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። ከውኃው ላይ ሲታዩ በቀለማቸው ያምራሉ፤ ግንባራቸው ጠባብ፣ ቁመታቸው ረጅም የሆነው እነዚህ ቤቶች የግራናይት መስኮታቸው፣ የብረት ሰገነታቸውና ግድግዳውን ከአትላንቲክ ዝናብ የሚከላከለው የሸክላ ንጣፍ ግን የሚለዩት ከቅርብ ነው። ስለዚህ ከጀልባው እንደወረዱ ወደ ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይገባል። ውጪው በመካከለኛው ዘመን የጎቲክ አሠራር የተሠራ ጭምት ድንጋይ ሲሆን፣ ውስጡ በአመዛኙ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወርቅ በተለበጠ የእንጨት ቅርጽ ከምሰሶ እስከ ጣሪያ ተሸፍኗል። እኔ በበኩሌ ጌጡ በዝቶብኛል፤ የአናጺዎቹን እጅ ግን ማድነቅ ግድ ነው። መግቢያው ይከፈልበታል። የሳኦ ቤንቶ ባቡር ጣቢያ አዳራሽ ግን በነጻ የሚታይ ሲሆን፣ ዦርዥ ኮላሶ ወደ 20 ሺህ በሚጠጉ የሸክላ ንጣፎች የፖርቱጋልን ታሪክ ስሎበታል። በባቡር ለሚመጣ እንግዳ ከተማዋ ከዚህ የተሻለ መቀበያ የላትም።

ጀልባውን የሚመርጥ ሰው ከጣሪያ ውጪ ባለው የፊት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ቀደም ብሎ ይሰለፍ፤ መካከል ላይ የተቀመጠ የሰው ራስ እያየ ይመለሳል። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ግን የጀልባውን ገንዘብ ይቆጥብና በዶም ሉዊስ የላይኛ መንገድ ወደ ጋያ ተሻግሮ ክብ ቤተ ክርስቲያን ካለው የሴራ ዱ ፒላር ገዳም ግቢ ከተማዋን ይመልከት፤ ከዚያም ወርዶ በታችኛው መንገድ ይመለስ። ዳገቱ የሚከብዳቸው አረጋውያን ከድልድዩ አጠገብ ባለው የጊንዳይስ ተጎታች ባቡር ከሪቤይራ ወደ ላይ መውጣት ይችላሉ።