ከወረቀት ማንበብ ወይስ ነጥብ ይዞ መናገር?

በጅማ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ለተሰበሰቡ ቡና አምራቾች፣ ቀይ የበሰለውን ፍሬ ብቻ ለቅመው ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ እንዲያደርቁ ማሳመን የሚፈልግ ተናጋሪ ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት አንድ ምርጫ ይጠብቀዋል፤ ንግግሩን ሙሉ በሙሉ ጽፎ ማንበብ ወይም ጥቂት ነጥቦችን ይዞ በቃሉ መናገር።

የተጻፈ ንግግር ትልቁ ጥቅሙ ጥንቃቄው ነው። የደረቀ ቡና እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ እንዲሆን ሲመከር አሃዙ አይዛባም። ጉዳቱ ግን በአማርኛ ይብሳል፤ ግሣችን የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነውና፣ አንባቢው ቀጣዩን መስመር ለመፈለግ አቀርቅሮ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የሚዋጠው «ይለቀማል» ወይም «አይለቀምም» የሚለው ፍሬ ነገሩ ራሱ ነው።

የጥንት ሮማውያን የንግግርን ጥበብ ሐሳብ ማመንጨት፣ ማደራጀት፣ በቃላት ማሳመር፣ በቃል መያዝና ማቅረብ ብለው በ5 ከፍለውታል፤ ወረቀት የሚያነብ ሰው አራተኛውን ይዘለዋል፣ አምስተኛውንም ያዳክመዋል። ነጥብ የያዘው ግን ቀይና አረንጓዴ ፍሬ በመዳፉ ቀላቅሎ ሊያሳይ፣ ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት ግንባራቸውን ሲቋጥሩ አይቶ ነገሩን በምሳሌ ሊደግም፣ ካስፈለገም በአፋን ኦሮሞ ሊያብራራ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ማይክሮፎን ሲይዝ የምሳ ሰዓትን የሚረሳም አለ።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሆኖም መክፈቻውን፣ አሃዞቹንና የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ጽፎ መያዝ ይገባል። ሙሉውን ማንበብ የሚሻለው አንድ ቃል ቢለወጥ ክርክር በሚያስነሣ የአቋም መግለጫ ላይ ነው።