ኪሳራ ከማወጅ በፊት የሚወሰደው የዕዳ ምክር፦ ባልና ሚስት ሆነን ያየነው አገልግሎት

ባለቤቴ ከሥራ ከተቀነሰ በአራተኛው ወር፣ የአንዱን ክሬዲት ካርድ ዝቅተኛ ወርሃዊ ክፍያ ከሌላው ካርድ እየሳብን መክፈል ስንጀምር፣ እስከዚያ ድረስ ሁለታችንም ስንሸሸው የቆየነውን የግል ኪሳራ የማወጅ ጉዳይ በግልጽ አነሳነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2005ቱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አንድ ግለሰብ ማመልከቻውን ለፍርድ ቤት ከማስገባቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ እውቅና ካለው ድርጅት የዕዳ ምክር ወስዶ ሰርተፊኬት መያዝ ይኖርበታል። ይህ ግምገማ ያንን የምክር አገልግሎት የሚመለከት ነው። የሄድንበትን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ አሠራሩ በአብዛኛው በሕግ የተወሰነ ስለሆነ የአንዱ ድርጅት ነገር ከሌላው ብዙም አይርቅም።

ምክሩ በኢንተርኔትም በስልክም ይሰጣል። እኛ የመረጥነው በአስተርጓሚ በኩል የሚደረገውን የስልክ ምክር ሲሆን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወሰደ። ከቀጠሮው በፊት ገቢን፣ ወጪንና ዕዳን ዘርዝሮ የሚሞላ ቅጽ ይላካል። እኔና ባለቤቴ ለየብቻ ሞልተን ማታ ላይ ስናስተያየው፣ የእሱ ወረቀት ላይ ያለ አንድ ካርድ የእኔ ላይ አልነበረም፤ እኔ ከእህቴ የተበደርኩት ገንዘብም የእሱ ላይ አልነበረም። ለብዙ ደቂቃ ማናችንም አልተናገርንም። ለአገልግሎቱ ከምሰጠው ምስጋና የሚበዛው ለዚያ ቅጽ ነው፤ አማካሪዋ ስልክ ከመደወሏ በፊት የሥራውን ግማሽ ጨርሶት ነበር።

አማካሪዋ ትሑትና ታጋሽ ነበረች። መጀመሪያ የጠየቀችው ባለቤቴ የስንብት ክፍያ አግኝቶ እንደሆነና የሥራ አጥ ድጎማው ስንት ሳምንት እንደቀረው ነበር፤ ከዚያም ወጪያችንን አንድ በአንድ አስቆጠረችን። ችግሩ የመጣው በትርጉሙ ነው። አስተርጓሚው መያዣ የሌለውን ዕዳ (ማለትም ቤት ወይም መኪና ያልተያዘበትን) «ዋስትና የሌለው» እያለ ይተረጉመው ስለነበር፣ ባለቤቴ ሰው ዋስ የሆነበትን ዕዳ የተጠየቀ መስሎት የግል ብድሩን «ዋስትና አለው፣ ወንድሜ ፈርሞልኛል» ብሎ መለሰ። አማካሪዋም ብድሩን ከቤቱና ከመኪናው ዕዳ ጋር መደበችው። እኔ ጣልቃ ገብቼ ባላስተካክለው ኖሮ ስሌቱ በሙሉ ይዛባ ነበር። በአማርኛ አገልግሎት የምትጠይቁ ሰዎች «መያዣ» እና «ዋስ» የሚሉትን ቃላት ከመጀመሪያው ለይታችሁ እንድትናገሩ እመክራለሁ።

ስህተቱ ግን ያልጠበቅነውን ጥያቄ ይዞ መጣ፤ እኛ ከዕዳው ነፃ ብንወጣ ዋስ የሆነው ወንድሙስ? አማካሪዋ በጥቅሉ እንዳስረዳችን፣ ኪሳራው የሚሰርዘው ያመለከተውን ሰው ግዴታ እንጂ የዋሱን አይደለም፤ አበዳሪው ፊቱን ወደ እሱ ሊያዞር ይችላል። ዕዳው ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚዘልቅ ዕቅድ የሚከፈልበት የኪሳራ ዓይነት፣ ቻፕተር 13፣ ለእንደዚህ ዓይነት የፍጆታ ዕዳ ዋስ በዕቅዱ ዘመን የተወሰነ ከለላ ሲሰጥ፣ ያለ ክፍያ ዕቅድ ዕዳ የሚሰረዝበት ቻፕተር 7 ግን አይሰጥም። ባለቤቴ እስከዚያች ሰዓት የሚያወራው ስለ ቻፕተር 7 ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ቀነሰ።

ቅር ያሰኘኝ ወደ መጨረሻው ያለው ክፍል ነው። ድርጅቱ ራሱ የሚያስተዳድረውን የዕዳ ክፍያ ዕቅድ እንደ አማራጭ አቀረበልን፤ ወለዱ ይቀነሳል፣ ዋናው ዕዳ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። አማራጩን ማንሳታቸው ተገቢ ነው፣ ግዴታቸውም ነው። ነገር ግን ድርጅቱ ከዚህ ዕቅድ ወርሃዊ ክፍያ እንደሚያገኝ የሰማነው እኛ ስንጠይቅ ነው። አንድ ደመወዝ ለጠፋበት ቤት ደግሞ፣ በወጪ ሠንጠረዣችን መሠረት፣ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ እንኳን የሚችል ገንዘብ አልነበረም። አማካሪዋ ቁጥሩን እያየች ዕቅዱን ሁለት ጊዜ መደጋገሟ አልገባኝም።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ምክሩ የማይሸፍነው ነው። አማካሪዎቹ የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ ለእኛ ወሳኝ የነበሩትን ጉዳዮች የሰማነው በኋላ ከጠበቃ ነው። አንደኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ለቻፕተር 7 ብቁ መሆን የሚለካው ማመልከቻው ከገባበት ወር በፊት ባሉት 6 ሙሉ ወራት አማካይ ገቢ ስለሆነና የባልም የሚስትም ገቢ ስለሚታይ፣ ሥራ በጠፋ ማግሥት የሚያመለክት ሰው አሁን የሌለው ደመወዝ ተቆጥሮበት ከግዛቱ መካከለኛ ገቢ በላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሌላው፣ ከስንብት ክፍያው የቀረውን ለእህቴ ልመልስላት አስቤ ነበር፤ ከማመልከቻው በፊት ባለው 1 ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለ ዕዳ ግን በኪሳራው ባለአደራ (የአመልካቹን ንብረትና ዕዳ እንዲያጣራ በሚመደበው ሰው) ተመላሽ ሊጠየቅበት ይችላል። የባለቤቴን የጡረታ ቁጠባም አውጥተን ካርዶቹን ልንከፍልበት ነበር፤ ጠበቃው ቅጣትና ግብር ከማስከተሉም በላይ በኪሳራ ጊዜ በአብዛኛው የማይነካ ገንዘብ ስለሆነ እንዳንነካው አጥብቆ ነገረን።

ክፍያውን በተመለከተ የሚወቀስ ነገር የለም። እስከ 50 ዶላር የሚጠየቅ ክፍያ እንደ ተገቢ ይቆጠራል፤ የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 150 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ክፍያው እንዲነሳ መጠየቅ ይቻላል፤ እኛም ጠይቀን ተነስቶልናል። የፍርድ ቤቱ ማስመዝገቢያ፣ ለቻፕተር 7 338 ዶላር፣ ከዚህ የተለየ ነው፤ የጠበቃውም እንዲሁ። ከማመልከቻው በኋላ የሚወሰድ ሁለተኛ የገንዘብ አያያዝ ትምህርት አለ፤ ይህኛው ሰርተፊኬት እሱን አይተካም።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለትርጉሙ፣ ሌላውን ለዕቅዱ አቀራረብ ነው። አገልግሎቱን የምጠቁመው ገና ላልወሰኑ ባልና ሚስት ነው፤ ወስኖ ለሚመጣና ሰርተፊኬቱን ብቻ ለሚፈልግ ግን በኢንተርኔት የሚሞላው ይበቃዋል።

ባለቤቴ በዚህ ሳምንት ለሁለተኛ ዙር ቃለ መጠይቅ ተጠርቷል፤ ስለዚህ ማመልከቻውን አላስገባንም። ሰርተፊኬቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ 180 ቀኑ የሚያልቅበትን ቀን ባለቤቴ በእርሳስ ጥጉ ላይ ጽፎበታል።