የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ሰርቨር፦ ጥሩ ነው፣ ግን እንደተጫነ አይተውም

ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር የሚመጣው የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ሰርቨር ፋይል በኔትወርክ ለማጋራት አስተማማኝ ነው። ድክመቱ መነሻ ቅንብሩ ላይ ነው፤ ለዓመታት 8 የኤንኤፍኤስዲ ትሬድ (ጥያቄ ተቀብለው የሚያስተናግዱ የሰርቨሩ ሠራተኞች) ብቻ ይዞ ሲነሳ ኖሯል። ለጥቂት ተጠቃሚ ይበቃል። ብዙ ኮምፒውተሮች ባንዴ ሲጠይቁ ግን ስምንቱም ዲስክ እየጠበቁ ይያዛሉ፤ ቀላል የፋይል ዝርዝር ጥያቄ እንኳ ወረፋ ይገባል።

ቁጥሩን ከመጨመር በፊት በፕሮክ (ከርነሉ ስለ ራሱ መረጃ በሚያሳይበት ማውጫ) ሥር "ፑል ስታትስ" የሚባለውን ፋይል ማየት ይሻላል። ሦስተኛው ዓምድ ነጻ ትሬድ በማጣት የተሰለፉትን ይቆጥራል። በሥራ ሰዓት ቶሎ ቶሎ ካደገ ወደ 16፣ ከዚያ ወደ 32 ከፍ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። የቆዩ መመሪያዎች የሚያወድሱት፣ በፕሮክ ሥር ባለ ሌላ ፋይል የሚገኘው የ"ቲኤች" መስመር ዛሬ ከትሬድ ብዛት በቀር የሚናገረው የለም።

ዲስኩ ራሱ ከተጨናነቀ ትሬድ መጨመር ወረፋውን ወደ ዲስክ ማዛወር ብቻ ይሆናል። ሎድ አቨሬጅም (የማሽኑ አማካይ የሥራ ጫና መለኪያ) ያሻቅባል፤ ዲስክ የሚጠብቅ ትሬድ አብሮ ስለሚቆጠር እንጂ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሊሆን ይችላል።

በትእዛዝ የተቀየረ ቁጥር ማሽኑ ሲነሳ ይጠፋል። ስለዚህ በ"ኤንኤፍኤስ ኮንፍ" ፋይል፣ በኤንኤፍኤስዲ ክፍል ሥር መጻፍ አለበት።

"ኤሲንክ" የሚባለው የሰርቨሩ የማጋሪያ ቅንብር ፍጥነቱ ያጓጓል፤ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሳይጽፍ "ጽፌያለሁ" ይላል፣ መብራት ሲጠፋ ዳታው አብሮ ይሄዳል። ለአስፈላጊ ፋይል አይመከርም። ከከርነል 5.3 ጀምሮ በደንበኛው (ፋይሉን በሚጠቀመው ኮምፒውተር) በኩል ያለው የ"ኤንኮኔክት" ቅንብር ይሻላል፤ ወደ ሰርቨሩ ባንዴ እስከ 16 ግንኙነት ይፈቅዳል፣ በ4 መጀመር ጥሩ ነው።